ከልጅነቱ ጀምሮ ዳፍንት ያለበት ወንድሜ "ኢአርጂ" ታዘዘለት፣ ያረገ ሰው አለ?

ጉራማይሌ_21፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ዓይን ምታውቁ ሰዎች እስኪ እርዱኝ። ነገሩ የትንሽ ወንድሜ ነው፣ 18 ዓመቱ ነው፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው፣ ከጎንደር ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ይሄ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አያይም። ማታ መብራት ሲጠፋ ካለበት አይነቃነቅም ነበር፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው፣ የሰፈር ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ወደ ቤት ይገባል፣ እኛም ፈሪ ነው እያልን እንስቅበት ነበር (አሁን ሳስበው አፍራለሁ)። እናቴ ዳፍንት ነው ብላ ጉበት እያበላች ነው ያሳደገችው፣ አሁን የጉበት ሽታ ራሱ ያስመልሰዋል። ከዛ ውጪ ወፍራም መነጽር አለው፣ ማይነስ 8 ምናምን፣ ቀን ላይ በመነጽሩ ትምህርቱን ይከታተላል፣ ኳስም ይጫወታል።

አሁን መንጃ ፈቃድ ካላወጣሁ ብሎ ሲነሳ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። በጠብታ ብሌኑን አስፍተው አዩት፣ ፎቶ አነሱት፣ ኦሲቲ ሚሉትን የሬቲና ስካንም ሰሩለት፣ ዶክተሯም ከመነጽሩ ውፍረት ጋር ከሚመጣው ለውጥ ውጪ ሬቲናው (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ምንም አላየሁም አለችን። ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል ግን ኢአርጂ ሚባል ምርመራ አዘዘች፣ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ አለች። ቤት ገብቼ ጎግል ሳረገው ቀስ በቀስ ሚያሳውር በሽታ ሆኖ አገኘሁት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ለእናቴም አልነገርኳትም።

እና ፎቶው ደህና ከሆነ ለምንድነው ሌላ ምርመራ ሚያስፈልገው? ዓይኑ ላይ ሽቦ ያረጋሉ ሲባል ሰማሁ፣ ያማል? ደሞ ሌላ ጥያቄ፣ አባታችን 64 ዓመቱ ነው ፓርኪንሰን አለበት፣ ዩትዩብ ላይ የዓይን ምርመራ ፓርኪንሰንን 7 ዓመት ቀድሞ ይናገራል ሲሉ ሰማሁ፣ በዚሁ ማሽን እኔም ልመርመር? ጥያቄዬ ሚያስቅ ከሆነም ስቃችሁ መልሱልኝ።

ካሮት_በቀን፦

እህቴ ዳፍንት እኮ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ አብሉት። አሜሪካኖች እንደሆነ ለኢንሹራንስ ሲሉ ማያዙት ነገር የለም።

ጨለማ_ክፍል፦

ካሮት_በቀን ስለ ኢንሹራንሱ ያልከው አንዳንዴ እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ግን ዶክተሯ ልክ ናት። እህቴ መጀመሪያ አይዞሽ። ቨርጂኒያ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ይሄንን ምርመራ ስሰራ 6 ዓመቴ ነው፣ ስለ በሽታው ሐኪም ይንገርሽ፣ ስለ ምርመራው ግን እኔን ጠይቂኝ።

ፎቶና ኦሲቲ ሚያሳዩሽ ሬቲናው ምን እንደሚመስል ነው። ኢአርጂ ሚያየው ይሰራል አይሰራም ሚለውን ነው። አንድ ቤት ገብተሽ አምፖሉ ተሰክቷል፣ ገመዱ ተዘርግቷል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ያምራል፣ መብራት ይምጣ አይምጣ ግን በማየት አይታወቅም፣ ቆጣሪው ጋ ሄደሽ መዞሩን ማየት አለብሽ። ኢአርጂ ቆጣሪው ነው። ሬቲና ብርሃን ሲያርፍበት ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሚለካው በማይክሮቮልት ነው፣ የአንድ ቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው፣ ትልቁ ሞገድ ራሱ ጥቂት መቶ ማይክሮቮልት ቢሆን ነው። እሷን ነው ምንይዘው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። ሆልምግሬን ሚባል ስዊድናዊ በ1865 ኡፕሳላ ላይ በእንቁራሪት ዓይን ነው ያገኘው፣ ከሰው ዓይን ላይ መጀመሪያ የለካው ደሞ ስኮትላንድ ውስጥ ጄምስ ዴዋር ነው በ1877፣ ይሄ ዴዋር በኋላ ፔርሙዝን የፈለሰፈው ሰውዬ ነው፣ አዎ ሻይ ምንይዝበት ፔርሙዝ ሃሃ። ሐኪም ቤት ውስጥ በወጉ መሰራት የጀመረው ግን 1940ዎቹ ላይ ነው፣ ዓይን ላይ ተመችቶ ሚቀመጥ ኤሌክትሮድ እስኪገኝ ድረስ ማን ዝም ብሎ ይቀመጥልሻል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ብሌኑን በጠብታ ያሰፉለትና ድቅድቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይሄ 20 ደቂቃ የዓለም አቀፉ ደንብ ነው፣ በጨለማ ሚሰሩት ሮድ ሚባሉት ሴሎች (በአንድ ዓይን 120 ሚሊዮን ገደማ ናቸው) እስኪነቁ ድረስ ነው። ከዛ በደብዛዛ ቀይ መብራት፣ የድሮ ፎቶ ቤት ፊልም ሚታጠብበት ክፍል እንደነበረው ዓይነት፣ ኤሌክትሮዱን እናስቀምጣለን። ቀይ የሆነው ሮዶቹ ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይሰማቸው ነው። ሽቦ ያልሽው አንዳንዱ እንደ ኮንታክት ሌንስ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብር የተለበጠ ክር ነው ታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ሚጋደም፣ ከዓይን በታች ቆዳ ላይ ሚለጠፍም አለ። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፣ ያማል ከምትዪ ይቆረቁራል በዪ። ከዛ አገጩን አስደግፎ ግማሽ ቅል የመሰለ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ያያል፣ ብልጭታው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እንዲገባ ነው እንደዛ የተሰራው። መጀመሪያ ለማየት ሚያስቸግር ደካማ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ ቀጥሎ በጣም ጠንካራ። መብራት በርቶ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ደሞ የቀኖቹ ሴሎች፣ ኮኖቹ፣ ይፈተሻሉ፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ ብልጭ ድርግም ሚል ብርሃን አለ፣ እሱን ሮዶቹ ሊከተሉት ስለማይችሉ ሚመጣው መልስ የኮኖቹ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ አብረሽው ከገባሽ ስልክሽን አጥፊና ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። አንድ ቀን 19ኛው ደቂቃ ላይ የታካሚያችን ባል ሜሴጅ ሊያይ ስልኩን አበራው፣ ከዜሮ ጀመርን፣ ሴትየዋ ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም። ስማርት ሰዓትም እንደዛው። በዛው ቀን ከምርመራው በፊት የሬቲና ፎቶ እንዳያነሱትም ንገሪያቸው፣ ፍላሹ ያበላሽብናል።

ውጤቱ ላይ ሁለት ሞገድ ታያለሽ። መጀመሪያ ወደ ታች ሚወርደው "ኤ" ይባላል፣ ብርሃኑን ከሚቀበሉት ከሮድና ከኮን ነው ሚመጣው። ተከትሎት ሽቅብ ሚወጣው ትልቁ "ቢ" ነው፣ መልእክቱን ከነሱ ተቀብለው ወደ ውስጥ ከሚያሳልፉት ባይፖላር ከሚባሉት ሴሎች። ስለዚህ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ሞገዱ ራሱ ይነግርሻል። ሌላው ሁሉ ምርመራ ይሄን አይልሽም።

በዱላዬ፦

እስራኤል ናታንያ ነው ያለሁት፣ 41 ዓመቴ ነው፣ ያ ጎግል ያረግሽው በሽታ እኔ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። እኔ ያወቅኩት ሰራዊት ውስጥ ነው፣ የማታ ልምምድ ላይ ሁሉም የዘለለውን ቦይ እኔ ገባሁበት፣ አለቃዬ ሰነፍ ነህ አለኝ። በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን) ቶር (ቀጠሮ) ይዤ ስንት ወር ጠብቄ ኢአርጂ ሲሰሩልኝ ወረቀቱ ላይ የወጣው ሰረዝ ነው፣ ቀጥ ያለ። ተራራ የለ ሸለቆ የለ። ቴክኒሻኑ ኤሌክትሮዱ የተነቀለ መስሎት ሁለቴ ደገመው፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ግን ስሚኝ፣ ያን ቀን በዛ ሰረዝ ቤቴ ሄጄ ጋዜጣ አንብቤያለሁ። ሰረዝ ሆነ ማለት ዕውር ሆነ ማለት አይደለም፣ ምርመራው ሚደምረው የሬቲናውን ሙሉ ስፋት ነው፣ ምናነብበት መሃሉ ያለው ቦታ ደሞ ከስፋቱ አንጻር ሚጢጢ ነው። በተቃራኒው መሃሉ ብቻ የተጎዳበት ሰው ይሄ ምርመራ ሙሉ ጤነኛ ሊለው ይችላል፣ ለሱ መልቲፎካል ሚባል ሬቲናውን ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አርጎ ሚለካ ሌላ ዓይነት አለ፣ እህቴ ለሉፐስ ፕላኩኔል ስለምትወስድ በሱ ነው ሚከታተሏት (መድሃኒቱ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ዓይን መታየት ይፈልጋል፣ እግረ መንገዴን፣ ሚወስድ ካለ ይስማ)።

ዛሬ እኔ ማየው እንደ ቱቦ ነው፣ ፊትሽን አያለሁ እጅሽን ለሰላምታ ስትዘረጊ አላየውም፣ ስንት ሰው ተቀይሞኛል። በ2017 አሜሪካ የፈቀደችው የጂን መድሃኒት አለ ሉክስተርና ሚባል፣ እሱ ግን አርፒኢ65 ሚባለው ጂን ብቻ ለተበላሸባቸው ነው፣ እኔ እዛ ውስጥ የለሁበትም። እና ወንድምሽ ይሄ ከሆነበት ቀድሞ ማወቁ ይሻለዋል፣ እኔ ቀድሜ ባውቅ ሌላ ሙያ ነበር ምማረው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ የኔ እየባሰ ነው የመጣው፣ የሱስ?

ነጭ_ጋወን፦

በዱላዬ ትክክለኛዋን ጥያቄ ጠየቅክ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት የዓይን ሐኪም ነኝ፣ በሌለሁበት ምርመራ አልሰጥም ግን ጉራማይሌ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።

በመጀመሪያ እናትሽን እንዳትስቂባቸው። ዳፍንት ሲባል ጉበት ማብላት ከጥንት ጀምሮ ሰው በልምድ የደረሰበት ነው፣ ትክክልም ነው፣ ሮዶቹ ብርሃን የሚይዙበት ቀለም የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው፣ ጉበት ደግሞ የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ለዚህም ነው እዚህ አገር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ እንክብሉ የሚሰጠው። በእጥረት የመጣ ዳፍንት ቫይታሚኑ ሲሰጥ በቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል፣ የኢአርጂ ሞገዱም ይመለሳል። ካሮት_በቀን፣ ይህ ልጅ ግን ከ10 ዓመት በላይ ጉበት በልቶ አልተሻለውም፣ ታዲያ ካሮት ምን ይጨምርለታል? ዳፍንት የምልክት ስም ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፣ ስር ያለው ብዙ ነው።

አሁን ጥያቄዎቼ። ባለፉት 5 ወይም 6 ዓመታት ማታ ማየቱ ብሶበታል ወይስ ያው እንደነበረ ነው? ቀን ላይ ሲሄድ ጎኑ ካለ ሰው ወይ በር ጋር ይጋጫል? ሦስተኛው ደግሞ በእናትሽ በኩል፣ በተለይ ወንድሞቻቸው ወይ አባታቸው፣ ማታ የማያይ ነበር?

ይህን የምጠይቅሽ ከልደት ጀምሮ የሚኖር ግን የማይባባስ የዳፍንት ዓይነት ስላለ ነው። ሮዶቹ ደህና ናቸው፣ ብርሃኑን ይቀበላሉ፣ ችግሩ መልእክቱን ለባይፖላሮቹ ማቀበሉ ላይ ነው። ሬቲናው ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፣ ከፍተኛ ማይነስ መነጽር አብሮት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በእናት በኩል ለወንዶች ልጆች የሚተላለፍ ነው። ሹበርትና ቦርንሻይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 የገለጹት ነው፣ የገለጹትም በዚሁ በኢአርጂ ነው፣ በዓይን አይቶ ማንም አይለየውም።

እኛ ዘንድ ይህ ዓይነት ታካሚ ሲመጣ ያስጨንቀኛል ምክንያቱም በሠራሁበት ቦታ ሁሉ ኢአርጂ እንደ ልብ የሚገኝ መሣሪያ አልነበረም። አይፈረድም። በ2005/06 በፈረንጅ አቆጣጠር የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ ነው ሲል ከዚያ ውስጥ ግማሹ የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ነበር። ሞራ የሚገፍ እጅ ሳይበቃ ማን ስለ ማይክሮቮልት ያወራል። አሁን ግን እዚያው እናንተ ሜሪላንድ የሚሠራ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፣ ኤሌክትሮዱ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ብሌን ማስፋትም ሳያስፈልገው እንደ ብሌኑ ስፋት ብልጭታውን ራሱ የሚመጥን፣ እሱን ሳይ ትንሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጉራማይሌ_21፦

ዶክተር ያነበብኩት ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልባሰበትም፣ ያው ነው፣ ከሰውም ከበርም አይጋጭም ኳስ ላይ እንደውም ክንፍ ነው ሚጫወተው። እና የእናቴ ወንድም!!! አጎቴ ደብረ ታቦር ነው ያለው፣ ማታ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ልጅ እየመራው ነው፣ እኛ ሰክሮ ነው ምንለው የነበረው ይቅር ይበለኝ፣ ወፍራም መነጽር ነው እሱም። ቀጠሮው የዛሬ ሳምንት ነው፣ ውጤቱን እነግራችኋለሁ። የአባቴን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የቶሮንቶ_ብርድ፦

እኔ ልመልስልሽ፣ ቶሮንቶ የኒውሮ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ ለአባትሽ እግዜር ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ዩትዩብ ላይ የሰማሽው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ በ2023 ለንደን ከዩሲኤል ዩኒቨርሲቲና ከሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል የወጣ ጥናት ነው፣ ከ150 ሺህ በላይ የሆነ የታካሚ መዝገብ ይዘው ነው የሰሩት፣ በኋላ ፓርኪንሰን የተገኘባቸው ሰዎች ሬቲና ውስጥ አንዳንዱ ሽፋን በአማካይ ከ7 ዓመት በፊት ሳስቶ ተገኝቷል። ትልቅ ጥናት ነው ውሸትም አይደለም። ግን ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ ያ ኦሲቲ ነው፣ ውፍረት ነው የለኩት፣ የወንድምሽ ማሽን አይደለም። ሁለተኛ "በአማካይ" ሚለውን ቃል ዩትዩበሩ ውጦታል። የታማሚዎቹ አማካይ ከጤነኞቹ አማካይ ጋር ሲነጻጸር በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ደረጃ ልዩነት አለው ማለት አንቺ ነገ ገብተሽ ብትለኪ መልስ ታገኛለሽ ማለት አይደለም፣ የጤነኛውና የታማሚው ቁጥር ተደራራቢ ነው።

የኢአርጂው ታሪክ እንዲያውም ይበልጥ ደስ ይላል (ለኔ)። ሬቲና እኮ የአንጎል ቁራጭ ነው፣ ፅንስ እያለን ከአንጎል ወጥቶ ነው ወደ ፊት የመጣው። አማክራይን ሚባሉ ሴሎች አሉበት፣ ከነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ ዶፓሚን ሚባለውን መልእክት አድራሽ ኬሚካል ነው ሚሰሩት፣ አባትሽ አንጎል ውስጥ ያለቀው ዶፓሚን ማለት ነው። ስለዚህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰዎች የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ሬቲና ሲለኩ ሞገዱ አንሶ ወይ ዘግይቶ ያገኙታል፣ በተለይ ፓተርን ኢአርጂ ሚባለው ላይ፣ ብልጭታ ሳይሆን የዳማ ገበታ ነው ሚያሳዩሽ ጥቁርና ነጩ ቦታ እየተቀያየረ፣ ሚመጣው መልስ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ነው፣ ከዓይን ወደ አንጎል ገመድ ሚዘረጉት ጋንግሊዮን ሴሎች ድምጽ ነው እሱ። የፓርኪንሰን መድሃኒት የሆነውን ሌቮዶፓ ሲወስዱ ደሞ አንዳንዶቹ ላይ መሻሻል ታይቷል። ይሄን ሁሉ ሰምተሽ "በቃ ተገኘ" ትያለሽ አይደል? ችግሩ ያው ሞገድ በግላኮማም ይወርዳል፣ በስኳርም ይዘገያል፣ በእድሜም፣ የዓይን ሞራ ካለም ይቀንሳል፣ እና 64 ዓመት የሞላው ሐበሻ ከነዚህ አንዱ የሌለበት ስንቱ ነው? ማሽኑ ሬቲናው ደክሟል ይልሻል፣ ለምን እንደደከመ ግን አይነግርሽም።

አልዛይመርም ላይ ያው ነው፣ ሬቲና ላይ ለውጥ አለ፣ ምርምሩ ይቀጥላል፣ እስከዛው ግን ደም ቀደመው፣ በሜይ 2025 አሜሪካ ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዳለች። ለፓርኪንሰንም ሐኪሙ ሲጠራጠር ዳትስካን ሚባል የአንጎል ስካን አለ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ የተፈቀደ፣ እሱም ለተጠረጠረ ሰው ነው እንጂ ለጤነኛ ሰው አይታዘዝም። አብዛኛው ፓርኪንሰን በዘር ሚሄድ አይደለም፣ አንቺ ምልክት ሳይኖርሽ ዓይንሽን ብታስለኪ ጭንቀት ነው ገዝተሽ ምትወጪው።

በእውነት ሚሰራበት የአንጎል በሽታ ልንገርሽ ካልሽኝ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። እዛ ላይ ያንኑ የዳማ ገበታ እያሳዩ ኤሌክትሮዱን ማጅራት በላይ ጭንቅላት ላይ ያረጉታል፣ መልእክቱ ከዓይን ተነስቶ 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ላይ መድረስ አለበት። የዓይን ነርቭ አንዴ ተቆጥቶ ከዳነ ሰውዬው ዛሬ ቁልጭ አርጎ ያያል፣ መልእክቱ ግን ከስንት ዓመት በኋላም እየዘገየ ነው ሚደርሰው፣ ድሮ የሆነውን ይናገራል። ይሄ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው።

ለአባትሽ ግን ከምርመራ ይልቅ ሚጠቅም ነገር፣ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ተቀራራቢ ቀለም መለየት ይከብደዋል። ደረጃ ካላችሁ ጠርዙ ላይ ደማቅ ቢጫ ቴፕ ለጥፉበት፣ ቡና በጥቁር ሲኒ አትስጧቸው።

ካሮት_በቀን፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ቶሮንቶ፣ ለግለሰብ ማይጠቅም ከሆነ ለምን ይሄን ሁሉ ገንዘብ ያወጡበታል?

የቶሮንቶ_ብርድ፦

መድሃኒት ለመፈተን ነዋ። አንድ አዲስ መድሃኒት የአንጎል ሴል አዳነ ወይ ብለህ አንጎል ከፍተህ አታይም፣ ሬቲናን ግን በየወሩ ሳትነካው ትለካዋለህ፣ ያው ሰውዬ ከራሱ ከትናንቱ ጋር ስለሚወዳደር እድሜና ሞራው ብዙ አያምታቱህም። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው ሚመስለኝ።

ጉራማይሌ_21፦

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ሄድን። 20 ደቂቃው ጨለማ ውስጥ ወንድሜ ተኛ (እኔ እንኳን ትንሽ ትንሽ ማየት ጀምሬ ነበር እሱ ምንም አላለም፣ ጨለማ ለሱ ጨለማ ነው)። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼው ገባሁ፣ ጨለማ_ክፍል ስላስፈራራኸኝ። አላመመውም፣ ዓይኑ ግን እስከ ማታ ቀልቶ ነበር።

ውጤቱን ዶክተሯ ስትነግረን እናቴም ነበረች፣ በመጨረሻ ነግሬያት ነበር። እና ዶክተሯ "ኔጌቲቭ ኢአርጂ ነው" ስትል እናቴ ተነስታ እልልልል ብላ አቀለጠችው፣ ነርሷ በር ከፍታ መጣች። ኔጌቲቭ ማለት እኛ አገር ነፃ ነህ ማለት ነዋ። እኔም ደስ አለኝ፣ ዶክተሯ ግን ፊቷ ግራ ገብቶታል። ለካ ሌላ ነገር ነው። ጨለማ_ክፍል እስኪ አንተ አስረዳልኝ ለእናቴ ልነግራት አልቻልኩም።

ጨለማ_ክፍል፦

ሃሃሃሃ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ኔጌቲቭ ሚባለው የሞገዱ መልክ ነው። "ኤ" በደንብ ወደ ታች ይወርዳል፣ "ቢ" ግን ተነስቶ ከመነሻው መስመር በላይ መውጣት ሲገባው እዛው ታች ይቀራል፣ ስለዚህ ሞገዱ በጠቅላላ ከመስመሩ በታች ነው፣ ኔጌቲቭ ነው። ሮዶቹ ብርሃኑን ይዘውታል ("ኤ" አለ)፣ ማቀበሉ ነው የተቋረጠው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ያለው ማለት ነው። በዱላዬ እንደነገረሽ በሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ቢሆን "ኤ"ውም አብሮ ነበር ሚጠፋው። ስለዚህ እናትሽ በስህተት ነው እልል ያሉት ግን እልልታው ቦታውን አልሳተም።

ነጭ_ጋወን፦

በጣም ደስ ብሎኛል። አይባባስም ማለት ይድናል ማለት እንዳልሆነ ለእሱ በደንብ አስረዱት፣ ማታ መንዳት የለበትም፣ በዚህ ላይ ሽምግልና የለም። የዘረመል ምርመራውን አስደርጉ፣ ኤንዋይኤክስ እና ካክና1ኤፍ የሚባሉት ጂኖች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚገኙት፣ ሁለቱም በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ናቸው። ያ ከሆነ አንቺም ተሸካሚ የመሆን እድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው፣ አንቺ ላይ ምንም ላይታይብሽ ወንድ ልጅ ስትወልጂ ሊመጣ ይችላል። ቤቴስዳ የሚገኘው ብሔራዊው የዓይን ተቋም በዘር የሚተላለፉ የዓይን በሽታዎች ላይ ጥናት ያደርጋል፣ ለእናንተ ቅርብ ነው፣ ዶክተሯን ስለሱ ጠይቋት።

በዱላዬ፦

እንኳን የኔ አልሆነ። ከልቤ ነው።

ጉራማይሌ_21፦

በዱላዬ ወንድሜ አንተን ሳነብ ነው ብዙ ነገር የገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጂን ምርመራው ደም ተወስዷል እየጠበቅን ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ተኳርፈናል፣ ዶክተሯም ማታ እንዳይነዳ ብላዋለች፣ ቀን ቀን ብቻ እነዳለሁ ብሎ እየተደራደረ ነው፣ በብርዱ ወቅት እዚህ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 5 ላይ እንደሚመሽ ገና አልገባውም።

ለአጎቴም ደውለን ነገርነው። ዝም አለ አለና "ታዲያ ሰካራም አልነበርኩም በሏቸው ለሰፈሩ" አለን። ጠንካራ ባትሪ ገዝተን በሰው ልከንለታል፣ ግንባር ላይ ሚታሰረውን። እናቴ ደሞ ትላንት ማታ ጉበት ልትጠብስ ስትል ወንድሜ የሐኪሟን ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።